የጠገበ ውሃ

በዚህ ሳምንት ስለ ቤት ኪራይ መናር ላወጋችሁ አስቤ ነበር። ብዕሬ እምቢ አለኝ። አራት ወር ሙሉ ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ በሳሎናችን ጥግ የተቀመጠ አርባ ጋሎን ውሃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳና በውስጡ የበቀለ ሣር። «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ባለቤቴም ስትል የከረመችው ይህንኑ ነው። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። አንደኛ፣ በቤታችሁ ልጅ ካለ ይኸው ገንዳ አንድ ቀን ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በዚህ ዓምድ የማወጣው አንድ እርማት አለብኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በትምህርቱ ጥሩ ውጤት ካመጣ የፈለገውን እንደምገዛለት ቃል ገብቼለት ነበር። አባት እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ በሆዱ ጫማ ወይም ብስክሌት አስቦ ነው። ልጄ ግን ሪፖርት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «የባሕር ዓሣ» አለኝ። የወንዝ ዓሣ ቢሆን በጥቂት ዶላር እገላገል ነበር። እሱ የፈለገው ጨዋማ ውሃ ነው፤ ያውም የራሱ ድንጋይ፣ የራሱ አሸዋ፣ የራሱ ቀንድ አውጣ ያለው አንድ ትንሽ ባሕር። ቃል ቃል ነውና ተነሣን።

ገንዳውን ወደ ሌላ ስቴት ከሚዛወር አንድ ወገናችን በርካሽ ገዛሁ። አሸዋውን፣ የባሕር ድንጋዩን፣ ፓምፑን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱንና በባልዲ የታሸገውን ጨው ደግሞ ከሱቅ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አርሊንግተን በሚገኘው አፓርታማችን ከኩሽና ቧንቧ እየቀዳን ሞላን፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አደረግንበት፤ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አሟሟንበት። የባሕር ውሃ ባብዛኛው በዚህ ልክ ነው፤ ቀይ ባሕር ግን ይብሳል፣ ወደ 40 ይጠጋል። እኔ ማታውኑ ዓሣ እናስገባ ባይ ነበርኩ። ሐሙስ ጽፎ ዓርብ ሌሊት ለማተሚያ ቤት ሲያደርስ ለኖረ ጋዜጠኛ አንድ ገንዳ ማሰናዳት ከአንድ ማታ በላይ ምን ያስፈጃል? ልጄ ግን ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ይዞ «አይሆንም አባዬ፣ ውሃው መጀመሪያ መብሰል አለበት» አለኝ።

ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይበላል፣ በዚያው ውሃ ውስጥ ይጸዳዳል። ከኩሱና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ይሸከመዋል፤ አርባ ጋሎን ግን አይሸከመውም። ለዚህ የሚደርሱልን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህኛው ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም። ይህንን ቅብብሎሽ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩሲያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ አፈር እየመረመረ አስረድቶታል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ልጄ በየሁለት ቀኑ በብልቃጥ እየቀዳ፣ የመመርመሪያውን ጠብታ እየጨመረ፣ ቀለሙን እያየ፣ ውጤቱን በደብተሩ እየጻፈ አምስት ሳምንት ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ብርቱካንማ ክላውን ፊሾች፣ ስድስት ቀንድ አውጣዎችና አንድ ሽሪምፕ ገቡ። ሽሪምፑ የዓሣን ገላ እየዳበሰ ተባይ የሚለቅም ዓይነት ነው። በቀይ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ስላለው፣ ሥራውም ሕክምና ስለሆነ፣ ልጄ «ዶክተር» ብሎ ሰየመው። እጁን ወደ ውሃው ሲያስገባ ዶክተር መጥቶ ጥፍሩን ያጸዳለት ነበር። ያን ጊዜ የልጄን ፊት ብታዩ ኖሮ ለምን ይህን ሁሉ እንደምጽፍ አትጠይቁኝም ነበር።

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ። መጀመሪያ የመጣው ቡናማው ነው። ገና ዓሣ ሳይገባ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ አሸዋው ላይ የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ባለቤቴ አየችውና «ቡናዬን ማን ደፋው?» አለች። ይህ ዳያተም ይባላል። የሳይንስ መጻሕፍታችን ዋቅላሚ የሚሉት፣ ዛሬ ሁላችንም አልጌ የምንለው ቤተሰብ አንድ ዘር ነው። ገላውን የሚሸፍንበት ቅርፊት ከሲሊካ፣ ማለትም መስተዋት ከሚሠራበት ማዕድን የተበጀ ነው። አዲስ አሸዋና የቧንቧ ውሃ ሲሊካ ስለማያጡ ይበላል፣ ይራባል። ሲሊካው ሲያልቅበት ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጠፋል። ክፉ ፍጡር እንዳይመስላችሁ፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ያህል የሚሠሩት ዳያተሞች እንደሆኑ ይገመታል። ልጄ «ይጠፋል፣ ተወው» አለኝ። ተውኩት። በሦስት ሳምንት ጠፋ። እኔም በዚህ አንድ ድል የገንዳ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ አረንጓዴው መጣ። በሰባተኛው ሳምንት ድንጋዩ ፀጉር አበቀለ። ማጋነኔ አይደለም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፓምፑ ውሃውን ሲገፋው የሚወዛወዝ አረንጓዴ ፀጉር ነው። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። እዚያው ገንዳው ውስጥ እንዳለ በእጄ አሸሁት። በሳምንቱ ከበፊቱ በዝቶ መጣ፤ ለካ የበጠስኩት ብጣሽ ሁሉ እየተንሳፈፈ ሄዶ ሌላ ድንጋይ ላይ ይተከል ኖሯል። ድግስ ቤት ሣር ይጎዘጎዛል፤ ዓሣ ቤት ሣር ሲጎዘጎዝ ግን እኔ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

በዘጠነኛው ሳምንት ደግሞ ቀዩ። ይህኛው ሣርም ፀጉርም አይደለም። አሸዋው ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በላዩ ላይ የአየር አረፋ እያቆረ፣ ሲነኩት እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ነው። ሌሊት ይሳሳል፤ ቀን መብራት ሲበራ መልሶ ይወፍራል። ስሙ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ብዙ ሰው ከአልጌ ይቆጥረዋል እንጂ ዘሩ ከባክቴሪያ ነው፤ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት የምድርን አየር በኦክስጅን መሙላት የጀመሩት የእሱ አያቶች ናቸው። ይህን ያህል ዕድሜ የጠገበ ፍጡር ነው እንግዲህ እኔ በሁለት ቀን ላጠፋው የተነሣሁት።

ሁለት ቀን የሆነበትም ምክንያት አለ። ቅዳሜ የልጄ ልደት ነበር። ሰባት የክፍል ጓደኞቹን የጠራው ለኬኩ ሳይሆን ገንዳውን ሊያሳያቸው ነው። ሐሙስ ሌሊት ከሥራ ስመለስ መብራት አብርቼ ባይ፣ ቀዩ ምንጣፍ ዶክተር የሚቆምበትን ድንጋይ ሳይቀር ሸፍኖታል። ከአንድ ሳምንት በፊት ከአንድ መደብር የገዛሁት ብልቃጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረኝ። በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «አልጌን ያጠፋል» ይላል። ለልጄ አላሳየሁትም፤ «የምንጨምረውን ሁሉ መጀመሪያ እናንብበው» የሚል ሕግ ነበረውና። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ገንዳው አጠገብ ቆሜ አንድ ክዳን ጨመርኩ። እንዳያንሰው ብዬ ሁለተኛ ደገምኩት።

ብልቃጡ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈም ነበር። መድኃኒቱ ለጓሮ ኩሬ የተሠራ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ አልጌን እንደሚገድል ሁሉ ቀንድ አውጣን፣ ሸርጣንንና ሽሪምፕን ይገድላል። «ርዕሱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ» እያልኩ ስንት ዓመት አንባቢ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው፣ ርዕሱን ብቻ አንብቤ ፈረድኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የማይለቀም ነበር።

ጠዋት ልጄ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ቀንድ አውጣዎቹ ከመስተዋቱ ላይ ረግፈው አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ዓሦቹ ወደ ውሃው አፋፍ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ በአንድ ሌሊት የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨርሶባቸዋል። ዶክተር በጎኑ ወድቋል። ልጄ አላለቀሰም። ዞር ብሎ «አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«እንጃ ልጄ፤ ታሞ ይሆናል» አልኩት።

ዕለቱን ግማሽ ውሃ ቀይረን፣ የአየር ፓምፕ ጨምረን ሁለቱን ዓሦች አተረፍናቸው። ልደቱም ተከበረ፤ ገንዳው ላይ አንሶላ ጣል አድርገንበት። እሑድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ደብተር ገለጥ አደረግኩ። በእንግሊዝኛ የጻፈው ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ሳምንት 9። ዶክተር ሞተ። ምክንያቱ፦ ምናልባት እኔ ምግብ አብዝቼ ይሆናል።» «እኔ» ከምትለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮባታል። ደብተሩን እንደነበረ አስቀመጥኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ካፒቴን ጋ ደወልኩ። ካፒቴን የምንላቸው በምፅዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩ፣ በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ አብረው የተሻገሩ ወዳጃችን ናቸው። ወደዚህ ሀገር ከመጡ በኋላ ደግሞ በየጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ የሚቀመጡ የዓሣ ገንዳዎችን ሲያጸዱ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ማታ መጡ። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትነሣ «ቆይ እኅቴ፣ መጀመሪያ በሽተኛውን ልየው» ብለው ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ውሃውን ከየት ቀዳኸው?» አሉኝ።

«ከቧንቧ።»

ከኪሳቸው መመርመሪያ አውጥተው የኩሽናችንን የቧንቧ ውሃ በብልቃጥ ቀዱና ጠብታ ጨመሩበት። ውሃው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። «ይህ ፎስፌት ነው» አሉ። ከፖቶማክ ወንዝ ተስቦ ለዋሽንግተንና ለአርሊንግተን የሚታደለው ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት ይጨመርበታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እየተፋቀ ወደ መጠጥ ውሃ በመግባቱ ከተማው ታምሶ ነበር። ፎስፌቱ በቧንቧው ውስጥ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ እርሳሱን ያግደዋል። ለእኛ የሚበጅ ነገር ነው። ለአልጌ ግን ድግስ ነው። በባሕር ገንዳ ውስጥ ፎስፌት በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ የእኛ ገንዳ ግን ገና ሲሞላ ጀምሮ ከዚያ እጅግ አልፎ ነበር።

«ውሃህ አልቆሸሸም» አሉኝ ካፒቴን፤ «ጠግቧል። ገበሬው ማሳው ላይ ዳፕና ዩሪያ የሚበትነው ለምንድን ነው? ሰብሉ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንዲያገኝ ነው። የዓሣው ኩስ ዩሪያህ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ዳፕህ ነው። ማዳበሪያ በትነህ፣ መብራት አብርተህ፣ ሣር በቀለብኝ ትላለህ። ሣሩ ምን አጠፋ? የተጠራ እንግዳ ነው።»

ከዚያ ጥጋቡ የሚገባባቸውን በሮች አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ውሃው አንድ። ምግቡ ሁለት፤ ልጄ ጠዋት፣ ባለቤቴ ከሰዓት፣ እኔ ሌሊት ስገባ፣ ማንም ለማንም ሳይነግር ሦስት ጊዜ እናበላ ነበር። መብራቱ ሦስት፤ እኔ ከሥራ ስመለስ እንዳየው ተብሎ በቀን አሥራ አምስት ሰዓት ይበራ ነበር። አራተኛው የውሃው እንቅስቃሴ፤ ቀዩ ምንጣፍ የተነጠፈው ውሃው በሚተኛበት ጥግ ነው። «አንተ ሣሩን ስትነቅል ከረምክ» አሉ። «ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ያ ሁሉ ገበሬ ወገቡ እስኪጎብጥ በእጁ ነቅሏል። መንቀሉ ደግ ነው፤ መነቀልም አለበት። ግን በየክረምቱ ከእርሻውና ከከተማው እየታጠበ ወደ ሐይቁ የሚገባው ካልቀነሰ የነቀልከው ቦታውን ለሌላው ለቀቀለት ማለት ነው።»

ቡናው ቀረበ። ካፒቴን ቀዩን ምንጣፍ እያዩ ፈገግ አሉ። «ይህን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ዘመዱን ማለቴ ነው። ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ከምፅዋ ወጣ ስንል፣ ውሃው ላይ ቀላ ያለ ሰጋቱራ የተበተነ የሚመስል ነገር ረጅም መስመር ሠርቶ እናይ ነበር።» ያ ትሪኮደስሚየም የሚባል ሳያኖባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1823 በሲና በኩል ቀይ ባሕር ዳር ውሃው ቀልቶ አይቶ ያጠናው እሱን ነው፤ አብሮት ይጓዝ የነበረው ሄምፕሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1825 በትኩሳት ታሞ ምፅዋ ላይ ሞቷል። ባሕሩ «ቀይ» የተባለው በዚሁ ፍጡር ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። «ታዲያ ያ ባሕር በእሱ ምክንያት ሞተ?» አሉ ካፒቴን። «አልሞተም። ይመጣል፣ በልቶ ይጨርሳል፣ ይሄዳል። እኛ ነን የማንታገሠው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣዎቹን ግን ሣር አልገደላቸውም። መዳብ ነው አይደል?» አሉኝ። ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ትናንሾቹን ፊደሎች መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና መለሱልኝ።

«ልጁ ያውቃል?»

«ገና አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው እኔ የምነግርህ ሁሉ ሁለተኛ ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

በማግስቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት። ነገርኩት። ሌሊቱን፣ ሁለቱን ክዳን፣ «ታሞ ይሆናል» ማለቴን። ደብተሩንም እንዳነበብኩ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ብልቃጡን አንሥቶ ዙሪያውን አነበበ፤ እኔ ያላነበብኩትን ሁሉ አነበበ። ወደ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ራት አልበላም። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ለመኝታ ሰዓት ሲቃረብ ደብተሩን ይዞ ወጣ። «ክዳኑ ስንት ሚሊሊትር ይይዛል?» አለኝ። ለካን። አሥር። ሁለት ክዳን ሃያ። ጻፈው። ከዚያ «እኔ» ያለበትን መስመር ሰርዞ «መዳብ፣ 20 ሚሊሊትር፣ አባዬ» ብሎ ጻፈበት። «በሚቀጥለው ጊዜ ቀስቅሰኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አሰልቺ ነው፤ የሠራልንም አሰልቺነቱ ነው። እናንተም ቤት ይህ ገንዳ ሲመጣ ይጠቅማችኋልና ልዘርዝረው።

መጀመሪያ መዳቡ። የባሕር ድንጋይና አሸዋ መዳብ ይመጣሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መልሰው ይለቃሉ። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ውሃ ቀየርን፤ በማጣሪያው ውስጥ ከሰልና መዳብ የሚስብ ልዩ ማጣሪያ አስገባን። መመርመሪያው ሦስት ሳምንት በተከታታይ ዜሮ እስኪያሳይ ቀንድ አውጣም ሆነ ሽሪምፕ አላስገባንም።

ሁለተኛ ውሃው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚያጣራ ትንሽ መሣሪያ ገዝተን ከኩሽናው ቧንቧ ሥር አሰርን። ፎስፌቱም ሲሊካውም ከሞላ ጎደል እዚያው ይቀራል። በሳምንት አራት ጋሎን፣ ማለትም አንድ አሥረኛውን፣ በዚህ ውሃና በአዲስ ጨው እንቀይራለን። በየቀኑ በመትነን የሚጎድለውን ግን የምንተካው ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ውሃ ይተናል እንጂ ጨው አይተንም፤ በጨው ውሃ ከተካችሁት ገንዳው ውሎ አድሮ ብሬን ይሆናል ብላችሁ ዓሣችሁን ትቀብራላችሁ።

ሦስተኛ ምግቡ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ያህል ብቻ። የሚያበላው ልጄ ነው፤ ሌሎቻችን ከሥልጣን ወርደናል። በረዶ የሆነው ምግብ ከመሰጠቱ በፊት በወንፊት ይታጠባል፤ የሚፈሰው ጭማቂ ራሱ ፎስፌት ነውና። አራተኛ መብራቱ፤ በሰዓት መቆጣጠሪያ ስምንት ሰዓት ብቻ። እኔ ሌሊት ስገባ ዓሦቹ ተኝተዋል፤ እኔም መተኛት ተምሬያለሁ። አምስተኛ፣ ውሃው በሚተኛበት ጥግ ሁለተኛ ትንሽ ፓምፕ።

ሣሩን መንቀልም አልተውንም። የተውነው እንደ ድሮው መንቀልን ነው። ድንጋዩን አውጥተን፣ ለመቀየር በቀዳነው ውሃ ባልዲ ውስጥ ነቅለን፣ ያንን ውሃ ከነሣሩ እናስወግዳለን፤ የተነቀለው ይዞት የሄደው ፎስፌት ወደ ገንዳው አይመለስም። ቀዩን ምንጣፍ በቀጭን ጎማ እየሳብን ወደ ውጭ። የነቀላችሁትን ሣር በወንዝ ወይም በባሕር ዳር እንዳትጥሉ። ካውለርፓ የሚባል የገንዳ አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሞናኮ ጠረፍ አጠገብ ታይቶ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ብዙ ቦታ ወርሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ሲደርስ ለማጥፋት ስድስት ዓመት ፈጅቷል። ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይውጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አላየንም። በሁለተኛውም አላየንም። እኔ ቁም ሣጥኑን አየት አደርግ ነበር፤ ብልቃጡ ግን የለም፤ ልጄ ለአደገኛ ኬሚካል መሰብሰቢያ እንዲሰጥ ለእናቱ አስረክቦታል። በአራተኛው ሳምንት ቀዩ ከዳር ዳር መሳሳት ጀመረ። በስድስተኛው አረንጓዴው ፀጉር ነጣ፣ ሲነኩት ይረግፍ ጀመር። በስምንተኛው ሳምንት ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ታየ። ይህም አልጌ ነው፤ ነገር ግን እንደ ኖራ ጠንክሮ ድንጋዩን የሚለብስ፣ የባሕር ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት የሚያየው ዓይነት ነው። ልጄ ቀኑን በደብተሩ ጻፈው።

ያለፈው ቅዳሜ ስድስት ቀንድ አውጣና አንድ ሽሪምፕ አመጣን። ከነፕላስቲኩ ውሃው ላይ አንሳፈን፣ ከዚያ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን አንድ ሰዓት ተኩል አላመድናቸው። እኔ ምንም አልነካሁም። ስም አውጥተህለታል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ገና ነው፤ መጀመሪያ ይልመድ» አለኝ። ከኋላው መስተዋት ላይ እጅ የሚያህል አረንጓዴ ቦታ ሳይነካ ቀርቷል። ልፋቀው ወይ ስል «ተወው አባዬ፣ የቀንድ አውጣዎቹ ምሳ ነው» አለ። ተውኩት።

እንግዲህ እርማቱ ይኸው። በጋዜጣ ወግ እርማት በውስጥ ገጽ በትናንሽ ፊደል ይወጣል፤ እኔ ግን በትናንሽ ፊደል ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ መቀጣት አልፈልግም። በዘጠነኛው ሳምንት በቤታችን ገንዳ ውስጥ ስለሞቱት አንድ ሽሪምፕና ስድስት ቀንድ አውጣዎች «ታሞ ይሆናል» ተብሎ የተነገረው ስሕተት ነው። አልታመሙም። ምግብ ያበዛ ልጅም አልገደላቸውም። የገደላቸው የአባት ችኮላ ነው። ልጄ አማርኛ ማንበብ እየተማረ ስለሆነ ይህን ገጽ ቆርጬ ደብተሩ ውስጥ አኖርለታለሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ ያነበዋል።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።